የዘንዶው ጥምዝ ራሱን የሚያቋርጠው በየትኛው ማዕዘን ነው?

አንድ ረጅምና ጠባብ የወረቀት ቅዳጅ ወስደን እኩል ለሁለት እንጠፈው፤ የታጠፈውን በዚያው አቅጣጫ እንደገና ለሁለት እንጠፈው፤ ይህንኑ ጥቂት ጊዜ ደጋግመን ስናበቃ ወረቀቱን ዘርግተን እያንዳንዱ እጥፋት 90 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ብናደርግና ጠርዙን ከላይ ወደ ታች ብንመለከት፣ የዘንዶ ጥምዝ ወይም ድራጎን ከርቭ የሚባለውን ቅርጽ እናገኛለን። የእጥፋቱ ቁጥር ሲጨምር ቅርጹ እየተወሳሰበ ይሄዳል፤ እጥፋቱ ያለ ገደብ ቢቀጥልና ሥዕሉ በዚያው ልክ ቢታነስ የሚደረስበት ቅርጽ ፍራክታል ነው፤ ማለትም የትኛውም ክፍሉ የሙሉውን መልክ በትንሹ ይደግማል።

ቅርጹን በ1966 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማጥናት የጀመሩት የናሳ የፊዚክስ ባለሙያዎች የነበሩት ጆን ሃይዌይ፣ ብሩስ ባንክስና ዊልያም ሃርተር ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ በነበረው የሒሳብ ጨዋታዎች ዓምድ ለሰፊው አንባቢ አስተዋወቀው። በ1970 ደግሞ ቻንድለር ዴቪስና ዶናልድ ክኑዝ ጠባዩን በጥልቀት የመረመረ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ጥምዙ በ90 ዲግሪ ሲከፈት ራሱን በፍጹም እንደማያቋርጥ ካረጋገጡት ሰዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኙበታል።

በ90 ዲግሪ የተሣለውን ጥምዝ በኮምፒውተር መስኮት ላይ የሚያይ ሰው ግን ይህን ለማመን ይቸገራል፤ የሚያየው በትናንሽ ካሬዎች የተሞላ መረብ ስለሆነ መስመሩ በየቦታው ራሱን እያለፈ የሚሄድ ይመስለዋል። በእርግጥም መስመሩ ቀድሞ ወደ ነበረባቸው ነጥቦች ይመለሳል። መንካትና ማቋረጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለት መታጠፊያዎች ጀርባ ለጀርባ ሊገጥሙ ይችላሉ፣ ሳይተላለፉ። ሥዕሉ ላይ እያንዳንዱን መታጠፊያ ትንሽ ብናለዝበው ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል፤ የተጠላለፈ ይመስል የነበረው መረብ አንድም ቦታ የማይተላለፍ ነጠላ ክር ሆኖ ይታያል።

ይህን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ማዕዘኑ ሌላ ቢሆንስ ብሎ ነው። አብዛኛው ሰው በቀላሉ የሚገምተው መልስ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ይበልጥ በተከፈተ ቁጥር ጥምዙ ይዘረጋል፣ ክፍሎቹም ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በ90 ዲግሪ ካላቋረጠ ከ90 በላይ በየትኛውም ማዕዘን ሊያቋርጥ አይችልም። ግምቱ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ በ91 ዲግሪ የተከፈተ ጥምዝ ራሱን ያቋርጣል። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት በቅድሚያ በ90 ዲግሪ የማያቋርጥበትን ምክንያት በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ሲዘረጋ እጥፋቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ግራ፣ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። የትኛው ወዴት እንደሚታጠፍ ለማወቅ ወረቀት ማጠፍ አያስፈልግም፤ የእጥፋቱን ተራ ቁጥር ጎዶሎ ቁጥር እስኪሆን ድረስ ለ2 ማካፈል፣ ከዚያም የተገኘውን ጎዶሎ ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ማየት ይበቃል። ቀሪው 1 ከሆነ ወደ ግራ፣ 3 ከሆነ ወደ ቀኝ ነው። በዚህ መሠረት የመጀመሪያዎቹ 15 እጥፋቶች ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ይሆናሉ። ይህ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ 16 እኩል ቁራጮች አሉት።

የእያንዳንዱን ቁራጭ ርዝመት 1 ብለን፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ በመጓዝ ይህን ተራ በ90 ዲግሪ እንከተል። ሰባተኛው ቁራጭ ሲያልቅ ከመነሻችን 2 ወደ ምዕራብና 1 ወደ ሰሜን ርቀን እንገኛለን። እዚህ ነጥብ ላይ የደረስነው ከምሥራቅ መጥተን ነው፤ ወደ ቀኝ ታጥፈን ወደ ሰሜን እንሄዳለን። ቀጥሎ የሚመጡት ሦስት እጥፋቶች ሁሉም ወደ ግራ ስለሆኑ አራት ቁራጮች አንድ ካሬ ይዘጋሉና አሥራ አንደኛው ቁራጭ ሲያልቅ እዚያው ነጥብ ላይ ተመልሰን እንቆማለን። በዚህኛው ጊዜ የመጣነው ከምዕራብ ነው፤ እንደገና ወደ ቀኝ ታጥፈን ወደ ደቡብ እንሄዳለን። የመጀመሪያው ጉብኝት የነጥቡን የምሥራቅና የሰሜን ክንዶች ይዟል፤ ሁለተኛው የምዕራቡንና የደቡቡን። ሁለቱ መታጠፊያዎች ተነካክተዋል፤ አልተቋረጡም። ጥምዙ ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ለ16 ቁራጮች ነው። ለሚሊዮን ቁራጮች በምን እናውቃለን? በጣም የምወደው ማረጋገጫ ጥምዙን ከጫፉ ከማስረዘም ይልቅ ከውስጡ ማብዛት የሚለው ነው። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ማጠፍ ማለት ያሉትን እጥፋቶች ሳይነኩ በየሁለቱ መካከል አዲስ እጥፋት ማስገባት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አሮጌ ቁራጭ በሁለት አጫጭር ቁራጮች ይተካል፣ ጎኑም ወደ አንድ በኩል ይሾላል። አዲሶቹ እጥፋቶች ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ ስለሚፈራረቁ ሹሉ በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ በተጓዡ ቀኝ፣ በሁለተኛው ላይ በተጓዡ ግራ፣ በሦስተኛው እንደገና በቀኝ ይወጣል።

አሁን አሮጌው ጥምዝ የተሣለበትን የካሬ መረብ ነጥቦች ሁሉ ጥቁርና ነጭ እናድርጋቸው፤ ጎረቤታሞች ምንጊዜም የተለያየ ቀለም ይኑራቸው። መስመሩ በእያንዳንዱ ቁራጭ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ስለሚሻገር፣ ከጥቁር ነጥብ ከተነሣ በጎዶሎ ተራ ያሉት ቁራጮች ከጥቁር ወደ ነጭ፣ በሙሉ ተራ ያሉት ከነጭ ወደ ጥቁር ይሄዳሉ። የመጀመሪያዎቹ በተጓዡ ቀኝ ይሾላሉ፤ ሁለተኞቹ በተጓዡ ግራ ይሾላሉ፣ ነገር ግን ተጓዡ ከነጭ ወደ ጥቁር እየሄደ ስለሆነ የእሱ ግራ ከጥቁር ወደ ነጭ ለሚመለከት ሰው ቀኝ ነው። ስለዚህ የትኛውም ቁራጭ፣ መቼም ይጓዙበት፣ ሹሉ የሚወጣው ከጥቁሩ ጫፍ ወደ ነጩ ስንመለከት በቀኝ በኩል ነው። ሹሉ ወዴት እንደሚወጣ የሚወስነው የቁራጩ ቦታ ነው፤ ተራ ቁጥሩ ምንም ድርሻ የለውም። ጥምዙን ከመተራመስ የሚያድነው ይህ ብቻ ነው።

ቀሪው ቀላል ነው። በመረቡ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ካሬ አራት ጎኖች መካከል ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ወደ ውስጥ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ውጭ ይሾላሉ። ወደ ውስጥ የገቡት ሁለት ሹሎች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙት በካሬው ማዕከል ላይ ነው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጎንና በማዕከሉ መካከል ባለው ጎነ ሦስት ውስጥ ስለሚቀሩ አይተላለፉም። በአሮጌዎቹ ነጥቦች ዙሪያ ደግሞ ክንዶቹ ሁሉ እኩል 45 ዲግሪ፣ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በጥቁር ነጥብ ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ በነጭ ነጥብ ላይ ሁሉም ወደ ግራ። ቅደም ተከተላቸው ስለማይቀየር ቀድሞ ሳይተላለፉ የተነካኩ መታጠፊያዎች አሁንም እንደዚያው ይሆናሉ። ከአንድ ቁራጭ ተነሥተን ይህንን ደረጃ በደረጃ ብንደግመው ጥምዙ የትኛውንም ቁራጭ ሁለት ጊዜ እንደማይሄድበት፣ የትኛውንም ነጥብ ከሁለት ጊዜ በላይ እንደማይጎበኝ፣ ራሱንም እንደማያቋርጥ ይረጋገጣል። እንዲያውም ማለቂያ የሌላቸው አራት ጥምዞች ከአንድ ነጥብ በአራቱ አቅጣጫ ቢነሡ መረቡን በሙሉ ይሸፍኑታል፤ አንድም ቁራጭ ሳይቀር፣ አንድም ቁራጭ ሳይደገም።

ከ90 ዲግሪ በታች ያለው ብዙ አያከራክርም። ከ60 በላይና ከ90 በታች ባለ በየትኛውም ማዕዘን፣ ካሬውን ይዘጉ የነበሩት ከስምንተኛ እስከ አሥራ አንደኛ ያሉት አራት ቁራጮች ከሚገባው በላይ ይታጠፋሉና የመጨረሻው የመጀመሪያውን ቁራጭ ያቋርጠዋል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ ልክ በላዩ ይተኛል። አራት ጊዜ ብቻ የታጠፈ ወረቀት ይበቃል ማለት ነው። ጥምዙ በብዙ እጥፋት የሚሆነውን ከርቀት ለማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። ወረቀቱ አንድ ጊዜ በታጠፈ ቁጥር የቁራጮቹ ብዛት በእጥፍ ያድጋል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ግን የሚባዛው የመክፈቻው ማዕዘን እኩሌታ ባለው ሳይን እጥፍ ነው። በ90 ዲግሪ ይህ ቁጥር የ2 ካሬ ሥር ነው፤ ከ20 እጥፋት በኋላ 1,048,576 ቁራጮችና በጫፎቹ መካከል 1,024 ርቀት ይኖራሉ ማለት ነው፤ 1,024 በራሱ ሲባዛ ልክ 1,048,576 ስለሚሆን የቁራጮቹ ብዛትና የሚተኙበት ስፋት እኩል ያድጋሉ። በ80 ዲግሪ ግን እነዚያው ቁራጮች በ152 ገደማ ርቀት መካከል መታጨቅ አለባቸው። ቦታ ስለሌለ መደራረቡ አይቀርም።

ይኸው ስሌት ከ90 በላይ ቦታ እንደሚተርፍ ይናገራል፤ ቀላሉ ግምት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን ቦታ መትረፉ መስመሩ የተረፈውን ቦታ በሥርዓት ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። በ90 ዲግሪ ሥርዓቱን የጠበቀው መረቡ ነበር፤ በ91 ዲግሪ መረብ የለም። መስመሩ በእያንዳንዱ መታጠፊያ 89 ዲግሪ ስለሚዞር ጥቁርና ነጭ ነጥቦችን የሚጋሩ የተደላደሉ ካሬዎች አይፈጠሩም፤ በጉዞው መጀመሪያ የተሠመረና ከብዙ ቆይታ በኋላ እዚያው አካባቢ የሚደርስ መስመር አንዱ ሌላውን የሚያውቅበት ምልክት ጠፍቷል።

ይህን በቁጥር እንየው። በ90 ዲግሪ ከ7 ቁራጮችና ከ11 ቁራጮች በኋላ ያሉት ነጥቦች አንድ ናቸው። በ91 ዲግሪ ካሬው በትክክል ስለማይዘጋ በሁለቱ መካከል 0.05 ያህል ክፍተት ይፈጠራል። የክፍተቱ አቅጣጫ ሁለተኛውን መታጠፊያ ከመጀመሪያው የሚያርቅ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቀላሉ ግምት ልክ ነው፣ መነካካቱ ወደ መለያየት ተለውጧል። ጥቂት እጥፋቶች ብቻ ያሉትን ጥምዝ በ91 ዲግሪ የሚሥል ሰው የሚያየው ይህንን ስለሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

አሁን የጥምዙን ነጥቦች አንዱን እየዘለልን ሁለተኛውን ብቻ ብንይዝ፣ የተያዙት ነጥቦች ራሳቸው የዚያው ዓይነት፣ የዚያው ማዕዘን ጥምዝ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ በ91 ዲግሪ 1.4265 ጊዜ መተለቁና 44.5 ዲግሪ መዞሩ ብቻ ነው። አራተኛውን ብቻ ብንይዝ ይህ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ 64ኛውን ብቻ ብንይዝ ስድስት ጊዜ። ስለዚህ 7ኛውና 11ኛው ነጥብ በ90 ዲግሪ እንደሚገናኙ ሁሉ 28ኛውና 44ኛው፣ 448ኛውና 704ኛውም በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። በ91 ዲግሪ ደግሞ ክፍተታቸው እየተለቀና እየዞረ ይሄዳል።

ነገሩ የሚገለበጠው በዚህ መዞር ነው። ከ28ኛው ነጥብ የሚነሡት ሁለት ክንዶች ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ገደማ ይመለከታሉ፤ ከ44ኛው የሚነሡት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት 0.1 ያህል ሲሆን 44ኛውን ነጥብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይገፋዋል፤ ከዚህ የተሻለ አስተማማኝ አቅጣጫ የለም፣ ሁለቱ መታጠፊያዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይራራቃሉ። በ448ኛውና በ704ኛው ነጥብ ላይ ያሉት ክንዶች አቀማመጥ ከእነዚያ ጋር አንድ ነው፤ አሁንም ሰሜንና ምዕራብ፣ አሁንም ደቡብና ምሥራቅ። ክፍተቱ ግን ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ 44.5፣ ማለትም 178 ዲግሪ ዞሯል። አስተማማኙ አቅጣጫ ተገልብጦ 704ኛው ነጥብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተገፍቷል፤ የመግፋቱም መጠን 0.42 ደርሷል። ሁለተኛው መታጠፊያ ቀጥታ ወደ መጀመሪያው ሆድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ውጤቱ ሁለት መቋረጦች ናቸው፤ 704ኛው ቁራጭ 449ኛውን፣ 705ኛው ቁራጭ 448ኛውን ያቋርጣሉ። 1,024 ቁራጮች ያሉት፣ ማለትም አሥር ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይህን ሁሉ ይዟል።

ልብ ማለት የሚገባው ክፍተቱ ሲዞር ክንዶቹ አብረውት ያልዞሩ መሆናቸው ነው። ክፍተቱ የትልቁ ቅርጽ ነው፤ የተጠራቀመው ከ256 ቁራጮች ነውና ከትልቁ ቅርጽ ጋር ይተልቃል፣ ከትልቁ ቅርጽ ጋር ይዞራል። ክንዶቹ ግን የትንሹ ቅርጽ ናቸው፤ ርዝመታቸው ምንጊዜም 1 ነው፣ አቅጣጫቸውም በአካባቢያቸው እጥፋት ይወሰናል። በ90 ዲግሪ ክፍተቱ ዜሮ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢባዛና ቢዞር ዜሮ ይሆናል፤ ከ90 ትንሽ ፈቀቅ ሲል ዜሮ መሆኑ ይቀርና ሁለቱ ቅርጾች መጣጣም ያቆማሉ። ለዚህም ነው ማዕዘኑን ለ90 በጣም ማቅረብ የማያድነው። በ90 ተኩልም ሆነ በ90 ከሩብ ክፍተቱ ያንሳል እንጂ አቅጣጫው በ448ኛውና በ704ኛው ነጥብ ላይ ያው ሰሜን ምዕራብ ገደማ ነው፤ ስለዚህ እነዚያው ቁራጮች ይቋረጣሉ። በዚህ አካባቢ ማዕዘኑ ልክ 90 ላይ ሲሆን ብቻ፣ እንደ ምላጭ በቀጠነ ቦታ ላይ፣ መስመሩ ራሱን ሳያቋርጥ ይቆማል።

እንዲህ ያለውን ነገር በእጅ በታጠፈ ወረቀት ለማየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አሥር ጊዜ የታጠፈ ተራ ወረቀት 1,024 ድርብ ይሆናል፤ አንዱ ድርብ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠቅላላ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በ2002 አሜሪካዊቷ ብሪትኒ ጋሊቫን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ረጅም የመጸዳጃ ቤት ወረቀት በአንድ አቅጣጫ 12 ጊዜ በማጠፍ ስሟን አስመዝግባለች፤ ያንን ወረቀት ዘርግቶ 4,095 እጥፋቶችን እያንዳንዳቸውን 91 ዲግሪ ላይ የሚያቆም ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። በኮምፒውተር ለሚሞክረው ሰው ሥራው ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ አቅጣጫ ለማግኘት ተራ ቁጥሩን ከ0 ጀምረን በሁለትዮሽ አኃዝ እንጽፋለን፤ ከፊቱ አንድ 0 እንዳለ ቆጥረን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስናነበው ከ0 ወደ 1 ወይም ከ1 ወደ 0 ስንት ጊዜ እንደተቀየረ እንቆጥራለን፤ ያንን ብዛት ከ180 ላይ የመክፈቻው ማዕዘን ሲቀነስ በሚቀረው ዲግሪ ማባዛት ነው። በ90 ዲግሪ ሲሠራ በአስርዮሽ ከማስላት በሙሉ ቁጥሮች ማስላት ይሻላል፤ አለበለዚያ በስሌቱ የሚፈጠረው ኢምንት ስሕተት መነካካቱን መቋረጥ አስመስሎ ሊያሳየን ይችላል። ዓይንን ማመንም አደጋ አለው፤ የመስመሩ ውፍረት ብቻውን ብዙ የሌሉ መቋረጦችን ይፈጥራል።

እስካሁን ከ90 በላይ ስላለው የጨለማው ጎን ተናገርኩ። ማዕዘኑ ብዙ ሲከፈት ግን ሥርዓት ተመልሶ ይመጣል፤ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በ120 ዲግሪ ነው። በዚህ ማዕዘን መስመሩ በእያንዳንዱ መታጠፊያ 60 ዲግሪ ብቻ ይዞራልና የሚሄደው የማር እንጀራ በሚመስል የጎነ ስድስት መረብ ላይ ነው። መረብ ስላለ ያ የቀለም ማረጋገጫ እንደገና ይሠራል፤ የዚህን መረብ ነጥቦችም ጎረቤታሞች እንዲለያዩ አድርጎ ጥቁርና ነጭ መቀባት ይቻላልና እያንዳንዱ ቁራጭ የሚሾለው ከጥቁሩ ወደ ነጩ ስንመለከት በቀኝ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ያለው ውጤት ከ90 ዲግሪው የበለጠ ንጹሕ ነው። አንድ ጎነ ስድስት ስድስት ጎኖች ስላሉት ሦስቱ፣ አንዱ እየተዘለለ፣ ወደ ውስጥ ይሾላሉ። እነዚህ ሦስት ጎኖች አንድም የጋራ ጥግ የላቸውም። የአዲሶቹ አጫጭር ቁራጮች ርዝመት 1 ከሆነ የአሮጌው ጎን ርዝመት 1.732 ገደማ፣ ማለትም የ3 ካሬ ሥር ነው፤ ሦስቱ ሹሎች ከማዕከሉ በ1 ርቀት ላይ ያቆማሉ፣ ጫፎቻቸውም እርስ በርሳቸው በ1.732 ይራራቃሉ። በካሬው ውስጥ ሁለቱ ሹሎች ማዕከሉ ላይ ተገናኝተው ነበር፤ በጎነ ስድስቱ ውስጥ ማዕከሉ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌው ጥምዝ ማንኛውንም ነጥብ ከአንድ ጊዜ በላይ ካልጎበኘ አዲሱም አይጎበኝም፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ካለው ጥምዝ ስንጀምር ይህ በሁሉም ደረጃ እውነት ሆኖ ይቀጥላል። በ120 ዲግሪ የዘንዶው ጥምዝ ራሱን ማቋረጥ ይቅርና አይነካም።

የሚይዘው ቦታም በዚያው ልክ ሰፊ ነው። ከ20 እጥፋት በኋላ የእነዚያው 1,048,576 ቁራጮች ሁለት ጫፎች 59,049 ይራራቃሉ፤ በ90 ዲግሪ ከነበረው 1,024 ጋር ሲነጻጸር ከ57 ጊዜ በላይ ነው። ፍራክታሉ ያለበትን ቦታ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚሞላ የሚለካው ዳይሜንሽንም በ90 ዲግሪ ሙሉ 2 የነበረው እዚህ 1.26 ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ደግሞ የ4 ሎጋሪዝም ለ3 ሎጋሪዝም ሲካፈል የሚገኘው፣ የበረዶ ቅንጣት በሚመስለው በኮክ ጥምዝ የሚታወቀው ቁጥር ነው።